ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ

ውድ እህቴ፣

ስምንት ወር ሙሉ ስልክ ያልደወልሁ ሰው ዛሬ ተነሥቼ «እንዴት ነሽ» ብል እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ስለ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ልነግርሽ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ዳግም ቤቱን እንዳያጥለቀልቀው ፈርቼ የማሽኑን የውሃ መዝጊያ ጠርቅሜ በእጄ ሳጥብ ከረምሁ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የእጄን አንጓ አይቶ ልብስ መጭመቅ ከለከለኝ፤ ማሽኑን መልሼ ከማስነሣቴ በፊት እንዲያየው ትናንት ጠዋት ጠጋኝ አስመጣሁ። ገና መሣሪያውን ሳያወርድ ማሽኑ እንከን እንደሌለው፣ ያን ጊዜ ቤቱን ውሃ በውሃ ያደረገው ሳያጠፋ የወጣ ሰው እንደሆነ ነገርሁት።

«ማን?» አለኝ።

«እህቴ።»

ጎንበስ አለና የማሽኑን ጀርባ ተመለከተ። ከዚያ ሶኬቱ እንደተነቀለ ይቆይ፣ መዝጊያውን ብቻ ከፍተን ሃያ ደቂቃ እንጠብቅ አለ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ከቧንቧ የመጣውን ውሃ የሚያስገባና የሚያቆም ቫልቭ አለ፣ እማማ። ሶኬቱ ተነቅሎ ውሃ ከገባ፣ እሱ አልዘጋም ማለት ነው። ያኔ ማሽኑን ሰው አጠፋው አላጠፋው ለውጥ የለውም።»

መዝጊያውን ከፈተው። በርጩማ ስቤ ከማሽኑ ፊት ተቀመጥሁ፤ ሰዓቴን ፈትቼ ጭኔ ላይ አኖርሁ።

ያ ቀን መጣብኝ። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ውሃው በበሩ ሥር ይወጣ ነበር። ሮጠሽ ቀደምሽኝ። እኔ ስደርስ ሶኬቱ ተነቅሎ አየሁና፣ አሁን ነቅለሽ ልታታልይኝ ነው አልሁሽ። «እትዬ፣ ስንወጣ ነው የነቀልሁት። ውሃው እንዴት እንደገባ እኔም አላውቅም» አልሽኝ። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ «የደንበኞቼ ጨርቅ ራሰ» እያለ በሩን ይደበድባል። እኔ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብሁልሽ፤ እኔ ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ጽፎ ይፈርም ነበርና። ስድሳ አንድ ዓመትሽ ነበር። ነገሩ እንዲበርድ ብለሽ «ማሽኑን ሳላጠፋ ወጥቻለሁ፤ ዋሽቻለሁም» ብለሽ ጻፍሽ። አራት ነጥብ ስለረሳሽ መልሼ ሰጠሁሽ። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወንድማችን ዘንድ ሄድሽ።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ምንም የለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። የገዛ እህቴ ዋሾ ሆና እንድትገኝ እየለመንሁ ነበር የተቀመጥሁት። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ በማሽኑ በር መስታወት ላይ ክር የመሰለ ውሃ ወረደ። ከዚያ ሌላ። ከውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁት።

ጠጋኙ ውሃውን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየኝ።

መዝጊያውን ዘጋ፣ ቱቦውን ከጀርባ ፈታ፣ የላይኛውን ክዳን አነሣ። ከቫልቩ ላይ አራቱን ሽቦዎች ሊነቅል ሲል አስቆምሁትና እንዳይምታቱ በሁለቱ ቀይ ክር፣ በሁለቱ ነጭ ክር አሰርሁባቸው። «እርስዎ አስተምረውኝ ቢሆን ይሄኔ የምጠግነው አውሮፕላን ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ለሽቦ ያደረግሁትን ጥንቃቄ አንቺን ነፍጌሽ ነበር።

አሮጌውን ቫልቭ ከፍቶ አሳየኝ። ውስጡ ባለው ጎማ ሥር የአሸዋ ቅንጣት ተቀርቅራለች። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ውሃ ሦስት ቀን ጠፍቶ ደፍርሶ በመጣ ማግሥት ነበር ያ ሁሉ የሆነው። እኔ ይህን እያወቅሁ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁትም፤ ጥፋተኛ አግኝቼ ነበራ። አዲሱን ቫልቭ በሁለት ብሎን አሰረና ደግመን ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። መስታወቱ ደረቅ ሆኖ ቀረ።

ጠጋኙ ሲሄድ ወረቀትሽን ከመሳቢያ አወጣሁ። ልቀደው ነበር፤ ብቀደው ግን ጭራሽ ያላስፈረምሁሽ ያስመስላል። ከፊርማሽ ሥር «ከላይ ያለው ሐሰት ነው። እህቴ ሶኬቱን ነቅላ ነበር። እውነት ተናግራ ሳለ ውሸት ያስፈረምኋት እኔ ነኝ።» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ከዚያ ወርጄ ልብስ ሰፊው ቤት ገባሁና ደንበኞቹ ፊት ቆሜ አነበብሁለት። መቀሱን አስቀምጦ አዳመጠኝ። «እሳቸው እኮ ያን ቀን እያለቀሱ ጨርቄን ሲጨምቁልኝ ነው የዋሉት» አለኝ። ይህን አንቺም አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅሁሽም። በምስክርነት ፈርሟል። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ የራስሽ ነው፣ ያሻሽን አድርጊው።

ተመለሺ ብዬ አላዝሽም፤ ማዘዝ ይብቃኝ። ክፍልሽ እንደነበረ ነው። ብትመጪ ግን አንድ ነገር ቃል እገባልሻለሁ። አብረን ስንወጣ «ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ» ካልሽኝ፣ ተመልሼ አላይም።

ያጠፋችው
ታላቅ እህትሽ