በጆግ የለወጥኩት ሞደም

እንድሪስዬ፣ ባለህበት ሰላሙ ይብዛልህ።

ለልጃችንም ለጎረቤትም ነግሬው የማላውቀውን ላንተ ልንገርህ። ኮምፒውተርህን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ሞደም ሌባ አልወሰደውም። ለልዋጭ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በአረንጓዴ የፕላስቲክ ጆግ ለወጥኩት።

በሞት ከተለየኸኝ አሥራ ስድስተኛው ረመዳን አለፈ። ይህን ሁሉ ዓመት ለሶላት ውዱእ አድርጌ የምታጠበው በዚያ ጆግ ነው። ቂጡ ሲያፈስ ፌስታል አቅልጬ ደፈንኩት እንጂ አልጣልኩትም። ሶፊያ በመጣች ቁጥር "እማዬ፣ መርካቶ መሐል ተቀምጠሽ ጆግ ቸገረሽ?" ትለኛለች።

ሶፊያ አግብታ ሁለት ወልዳለች። ትንሹ ስምህን ይዟል። ቤቱ ያው ነው፣ ቆርቆሮው ብቻ ተቀይሯል። እኔም ያው ቅመሜን እሸጣለሁ። አንድ ነገር ግን ብትሰማ አታምንም፤ ማንበብ ችያለሁ። ያስተማረኝ ቅመም የምጠቀልልበት አሮጌ የተማሪ ደብተር ነው። መጀመሪያ የለየሁት ቃል "ጎበዝ" ነው፤ አስተማሪው በየገጹ በቀይ የጻፈው። አንዷን ደንበኛዬን "ይሄ ምንድን ነው የሚለው?" ብዬ ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ አንዱን ፊደል በሌላው እየያዝኩ ሄድኩ። አንተ ዕድሜህን የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ኖረህ፣ ሚስትህ የራሷን ስም አታነብም ነበር። ላስተምርሽ ስትለኝም አፍሬ ሥራ አለብኝ እያልኩ እሸሽ ነበር።

ያኔ ኮምፒውተርህ ስክሪን ላይ የማየው ጽሑፍ ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ፎቶ ግን ፎቶ ነው፣ ለመሃይምም ይታያል። ሻሽ ያሰረች፣ ጥርሰ ፍንጭት ሴት። ሞደሙ እያንጫጫ መስመር ሲይዝልህ ወደ እሷ ታጎነብሳለህ፤ እኔ ስገባ ዓይንህን ትጠርጋለህ። ሦስት ቀን አየሁህ። ማናት ብዬ አልጠየቅሁህም። በአራተኛው ቀን አንተ ሥራ ላይ ሳለህ ልዋጭ የሚል ድምፅ በበሩ አለፈ፣ ጠራሁት። ሰውዬው ሞደሙን ገልበጥ አድርጎ አየና "እናት፣ ይሄ ይሠራል እንዴ?" አለኝ። "ሞቷል" አልኩት።

መጥተህ ስታጣው በቁምህ ቀረህ። ሌባ መሆን አለበት አልኩህ፣ አመንከኝ። በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ሄደህ ፊትህ ጠቁሮ ተመለስክ። "ፓስዎርዱ ጠፋብኝ ፋጡማ፣ የሚያውቀው ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው" አልከኝ። ሌላ ሞደም ልትገዛ አሰብክ፣ ኩላሊትህ ቀደመህ። አራት ወር አልጋ ላይ ስትቆይ ሁለት ጊዜ ስለ ሞደሙ አነሣህ። ሁለቱንም ጊዜ ሾርባውን አቀረብኩልህ እንጂ አልተናገርኩም።

ዘንድሮ ለዒድ ቤቱን ሳጸዳ ከኪቦርድህ ሥር አንድ ወረቀት አገኘሁ። በእጅህ ጽሑፍ የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ አለበት፤ የተጠፋፉ ዘመዳሞች የሚፈላለጉበት ነው። ከሥሩ ደግሞ "ሉባባ። መልሷን ጠብቅ" ይላል።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሉባባን አውቃታለሁ። በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ጊዜ፣ በመጠለያ ውስጥ ከእናታችሁ ጋር ሞተች ያልከኝ እህትህ ናት።

ጓደኛህን ጋሽ ሽኩርን ጠራሁት። ሬዲዮ መጠገኑ ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኗል። ኮምፒውተሩን ወደ ሱቅህ በተሸካሚ ልላክልህ ስለው "ዲስኩ ይረግፍብሻል፣ እኔ እመጣለሁ" አለ። መጥቶ ሲያየው "ይሄ ኮምፒውተር ነው ቁም ሳጥን?" ብሎ ሳቀ። ሲያስነሣው ግን ሳቁን ተወ። ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። "ፋጡማ፣ ይሄ ዲስክ ጣር ላይ ነው። ምናልባት ሁለቴ ቢነሣ ነው። ምንድን ነው የምትፈልጊው?" አለኝ። "የእንድሪስን ደብዳቤ" አልኩት። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

ገጹን ሲጠራው እንቢ አለ። ለካ ኮምፒውተሩ ያለንበትን ዘመን አያውቅም፤ ሰዓቱን የምትይዝለት ትንሽ ባትሪ ሞታ አንተን ከማግባቴ በፊት ባለ ዘመን ላይ ቆሟል። የዛሬ ድረ ገጽ ደግሞ ቀኑ የተሳሳተበትን አያስገባም አለኝ። አጥፍቶ ባትሪዋን ቀየረ። እንደገና ለማስነሣት ቁልፉ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ አላህን ለመንኩ። ቀጭ፣ ቀጭ አለና ተነሣ።

ገጹ አሁንም እንቢ አለ። የዛሬው ኢንተርኔት በአዲስ ቁልፍ ነው የሚቆለፈው፣ ያንተ ኮምፒውተር ያን ቁልፍ አያውቀውም። ዲስኩን ነቅዬ ፓስዎርዱን ከውስጡ ልፈልገው ወይ ሲለኝ፣ ሲነቀል አይሞትም ወይ አልኩት። ሊሞት ይችላል አለኝ። ከዚያ ኪሱ የምትገባ ትንሽ ኮምፒውተር አወጣና ባንተ ኮምፒውተርና በስልኩ ኢንተርኔት መሐል ሰካት። "ይቺ ደላላ ናት" አለኝ። "የተቆለፈውን ከዚያኛው ወገን ትቀበላለች፣ ፈትታ ለሽማግሌው ድሮ በለመደው መንገድ ታቀብለዋለች። ገጹ የድሮው ገጽ ከመሰለው ፓስዎርዱን ራሱ ይሞላል። መርካቶ ያለ ደላላ ምን ተሠርቶ ያውቃል?"

አልሳቅሁም። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ጆሮዬ ዲስኩ ላይ። ገጹ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ወረደ። ስምህ መጣ። ከሥሩ ስድስት ጥቁር ነጠብጣቦች ራሳቸው ተደረደሩ። ኮምፒውተሩ አልረሳህም ነበር።

ጋሽ ሽኩር ሊያነብልኝ ሲጠጋ "ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይህን እኔ ላንብበው" አልኩት። አየት አደረገኝና ወደ በሩ ዞረ።

የአማርኛ ፊደሉን አንተ ስለጫንክበት ጉልህ ሆኖ ይታያል። የመጨረሻው የጻፍከው አንድ ጥያቄ ነው። "እህቴ ከሆንሽ የላማችን ስም ማን ነበር?" ለካ እርግጡን እስክታውቅ ነው ከእኔም የደበቅኸው። መልሷ የመጣው እኔ ሞደሙን በሰጠሁ ማግስት ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። "ቡሬ። አንድ ቀንዷን የሰበርከው አንተ ነህ፣ የተገረፍኩት እኔ። እናታችን አለች እንድሪስ። ስምህን ስነግራት ይመጣል ብላ ከበሩ አልነሣ አለች።"

ከሥሩ ሌላ። "ለምን ዝም አልክ?"

ከሥሩ ሌላ። ከሥሩ ሌላ። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "እናታችንን ትናንት ቀበርን። ወንድሜ ሆነህ ካልፈለግኸን አልፈርድብህም። ስልኬ ግን ይኸው።"

ከላይ ጀምሬ ልገለብጠው ብዕር ሳነሣ ጋሽ ሽኩር ከበሩ ጮኸ። "ፋጡማ፣ እየተንቋቋ ነው! ቁጥር ካለ ቁጥሩን መጀመሪያ!" ቁጥሩን ጻፍኩ። የመጨረሻዋን አኃዝ ስጨርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ቀጭታውም ቆመ። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ጋሽ ሽኩር ሲወጣ የድካሙን እንኳ አልቀበል አለኝ፣ "ለእንድሪስ ነው" ብሎ።

በማግስቱ ደወልኩ፤ እሷው አነሣችው። ድምፅዋ ያንተ ነው፣ ልክ ከእንቅልፍህ ስትነቃ እንዳለው። የእንድሪስ ሚስት ነኝ አልኳት። መሞትህን ነገርኳት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "መልሴን አይቶት ነበር?"

"ኔትወርኩ ይቆራረጣል" አልኳትና ዘጋሁት። እንድሪስ፣ መስመራችሁን ሁለተኛ ጊዜ ቆረጥኩት።

መልሳ ስትደውል ስለዚያ አላነሣችም። ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ መቃብሩን አሳዪኝ አለች። ወንድሟ እንዳልፈለጋት አምና አሥራ ስድስት ዓመት ኖራለች። አፌ እንደሚከዳኝ ስላወቅሁ ነው ይህን የጻፍኩት። ሰምታ ብትረግመኝ መብቷ ነው። እዚያው ጥላኝ ብትመለስም መብቷ ነው። አንተ ግን ከዝምታህ ነፃ ትወጣለህ።

ጆጉን አልጥለውም። በቀን አምስት ጊዜ ከእጄ ላይ ውኃው ሲወርድ አንተንም የቀማሁህንም አስባለሁ፤ እጄ ውኃ ማንሣት እስኪያቅተው ድረስ።

ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ እቆማለሁ። ጥርሰ ፍንጭት ሴት ስትወርድ ሰላም ከማለቴ በፊት እነዚህን ወረቀቶች በእጇ አደርጋለሁ። የጻፍኩት ላንተ ነው፤ የምታነበው ግን እህትህ ሉባባ ናት።

ፋጡማ