ስድስት ቀን የተደበቀው መልስ፦ የአቶ ሩዋይ ኮአንግ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሩዋይ ኮአንግ ሰው ሊያድን የሚችል ነገር እያወቁ ስድስት ቀን ዝም አሉ። ምክንያቱ ቅናት ነበር። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ከአባታቸው ከአቶ ኮአንግ ሆት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኛሙዎች በ1954 ዓ.ም. ኢታንግ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ጋምቤላ ተምረው በጤና ረዳትነት ሠለጠኑ። በ1979 ዓ.ም. ወይዘሮ ኛቹዎልን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሥራቸው የበሽታን ቁጥር መከታተል ነበር። ሰኞ ሰኞ ክሊኒክ ለክሊኒክ በእግራቸው ዞረው የሳምንቱን ሕሙማን ይመዘግባሉ። ባዶ ሪፖርት የሰጣቸውን ነርስ «ጋምቤላ ጤነኛ የሆነችው መቼ ነው?» ብለው ያፋጥጡታል። በሽተኛን ከየት መጣህ አይሉም፤ ማታ የት አደርክ፣ የጠጣኸው ውሃ ከየት ተቀዳ ይላሉ እንጂ።

በ2009 ዓ.ም. የነጋዴው የሱሌማን ልጅ ነዒማ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እሳቸው ቢሮ ተመደበች። አቶ ሩዋይ በእርሳስ ሦስት ቀን የሚፈጅባቸውን ሠንጠረዥና የበሽታ ካርታ በኮምፒዩተር ለምሳ ሰዓት ታደርሰዋለች። በስብሰባ ሲጨበጨብላት እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። «ካርታሽ ጭቃ ረግጦ ያውቃል?» ይሏታል። «ጋሽ ሩዋይ፣ እርስዎ እየረገጡልኝ እኔ ምን አስጨነቀኝ?» ትላለች። ሰው ይስቃል። እሳቸው እቤት ገብተው እራት አይበሉም ነበር።

በ2012 ክረምት አተት ገባ። ነዒማ ሕሙማኑን በካርዳቸው ላይ ባለው አድራሻ ደለደለቻቸው። አብዛኞቹ የኩሌ የስደተኞች መጠለያ ነዋሪዎች ስለነበሩ የውሃ ማከሚያ መድኃኒቱ ሁሉ ወደ ኩሌ ተላከ። አቶ ሩዋይ ግን እንደ ልማዳቸው ጠይቀው ደርሰውበታል፤ ሰዎቹ ወር ሙሉ ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ከአንድ ጉድጓድ ሲጠጡ ከርመዋል። መሳሳቷን ሰው ሁሉ እስኪያይ ጠበቁ። በሰባተኛው ቀን፣ ገና ያጣሩት አስመስለው ተናገሩ። እስከዚያ ሌላ አሥራ አራት ሰው ታመመ፤ አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ሞተች። ጭብጨባው የእሳቸው ሆነ።

በ2014 ጡረታ ወጡ። በጉበት ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው ሉል፣ ኛቡዋይና ሆት እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። የተሰወረውን ሁሉ የሚያይ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል።

በመጨረሻ እንዲነበብ ያዘዙት ደግሞ ይህን ነው። ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት በኛቡዋይ ተደግፈው ነዒማ ቢሮ ሄዱ፤ ስድስቱን ቀን አንድ በአንድ ነገሯት።

«አራት ዓመት!» አለች ነዒማ። «የልጅቷን እናት ገበያ ባየሁ ቁጥር መንገድ ስቀይር፣ እርስዎ እኮ ያዩኝ ነበር ጋሽ ሩዋይ!»

አቶ ሩዋይ ይቅርታ ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ነዒማ ከወንበሯ ተነሣች። የገዛ ቢሮዋን ትታላቸው ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።