ፎቶዎ እስኪጫን የጠበቁ ዓይኖች

ለተከበሩ የዓይን ሞራ ሕክምና ዘመቻ የምዝገባ አስተባባሪ
ጭሮ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ኢንተርኔት የማያቋርጥ፣ እይታዎም እንደ ምርቃት ፎቶዎ ጥርት ያለ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ከሄዱ በኋላ ይህን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ በመድፈሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ሕመምተኛው ስሙን ያስመዘግብባት የነበረችውን መስኮት ዘግተው ምዝገባውን ወደ ድረ ገጽ ስላዛወሩልን እናመሰግናለን። በመስኮቷ ፊት ፀሐይ የሚመታው ሰውን ነበር፤ አሁን ስልኩን ነው። በሂርና ኔትወርክ የሚገኘው ዳገቱ ላይ ስለሆነ፣ ሰዉ ለወረፋ ድንጋይ መደርደሩን ትቶ ስልኩን በግንቡ ላይ ይደረድራል፤ ባርኔጣ ያለውም ባርኔጣውን ያለብሰዋል። ትዕግሥት አጥቶ ስልኩን የነካ ሰው ገጹ ከመጀመሪያው ስለሚጀምርበት፣ ከኋላው ያሉት «እጅህን ሰብስብ! ማሽላ አይደለም፣ ቢያገላብጡት አይበስልም» ይሉታል።

ሁለተኛ፣ ስለ ገጹ አሠራር። የስም መሙያው ቶሎ ይመጣል፤ በዚህ ቅሬታ የለንም። «ላክ» የሚለው ቁልፍ ግን እርስዎና እንግዶችዎ በገጹ ምርቃት ላይ የተነሣችኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ተጭነው ሳያልቁ እንዳይሠራ ታዟል። ማየት የተሳነው ሰው ከመታከሙ በፊት ፎቶ እንዲጠብቅ ማድረግ እኔ እስከማውቀው ድረስ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ብቻ ያሰበው ነገር ነው። ፎቶውም ከላይ ወደ ታች ስለሚገለጥ፣ ማለዳ ከሂርና የተነሣው ጫት ጅግጅጋ ገብቶ ሲያበቃ እርስዎ ገና ከግንባርዎ አልወረዱም ነበር።

ባለሙያዎ ግን በስልክ በትሕትና አስረድተውኛል። ገጹ እያንዳንዱ ፎቶ መድረሱን እየሰማ ይቆጥራል፤ ሁሉም ሲሟሉ ቁልፉን ይከፍታል። አንዱ ፎቶ መንገድ ላይ ቢቀርስ ብዬ ብጠይቃቸው «ኧረ እኛ ጋ ቀርቶ አያውቅም፤ እንደነካነው ነው የሚከፈተው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ፎቶዎቹ በቢሮዎ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀድመው ተቀምጠዋል። እኛ ዘንድ የቀረው ፎቶ ግን መቅረቱን የሚሰማለት ስላልተመደበ፣ ገጹ የማይመጣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት በሩን እንደዘጋ ቀረ። የደረሰውን ብቻ ሰምቶ የቀረውን አለመስማት የገጹ ጠባይ ነው ወይስ የባለቤቱ፣ ለመወሰን ዕውቀት የለኝም።

ሦስተኛውን በአጭሩ ላቅርብ። ኦቦ ገመዳ የሂርና ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ዓይናቸው ቀድሞ ጠፍቷል፤ በሁለተኛው የሚያዩት ጥላ ነው፤ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ የምታስገባላቸው ልጃቸው እሴት ናት። እሴት የአባቷን ስም ሞልታ፣ በየዕለቱ ዳገቱ ላይ ቁልፉ እስኪበራ ጠበቀች። አልበራም። በመጨረሻ አባቷን ይዛ በሚኒባስ ጭሮ መጣችና በቢሮዎ አጥር ጥግ ቆማ በቢሮዎ ኢንተርኔት ስትሞክር፣ ገጹ ወዲያው ተከፈተ፤ ቁልፉም በራ። ስትጫነው የወጣው መልእክት «ምዝገባው ተጠናቋል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ነበር። ሐኪሞቹ ግን አስቀድመው ሄደው ነበር፤ ተመልሰው ስለመምጣታቸው እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ያን ዕለት አዛውንቱ «እስቲ በይ ልጄ፣ ይህን ያህል ያስጠበቀን ፎቶ ላይ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ሪባን የሚቆርጡ ሰዎች እንዳሉበት ነገረቻቸው። እሳቸውም «ቀጥ አድርገው ቆረጡት?» አሉ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ገጹን እንዲያሻሽሉ አልለምንም፤ የሚመዘገቡበት ዘመቻ የለምና። ፎቶዎቹንም አያንሷቸው፤ ለማየት ብዙ ደክመንባቸዋል። ለከፈቱልን በርና ቀድመው ለዘጉት መስኮት ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከወረፋው መጨረሻ እጅ እነሣለሁ።

ጌዲዮን ብሩ
ከጭሮ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ገጹን ለማስመረቅ ሂርና በመጡ ዕለት፣ ሰዎችዎ ለሪባኑ መቀስ ረስተው መጥተው ስለነበር ከአንድ ሱቅ ተውሰዋል። እሴት እጀታው ላይ በተጠመጠመው ቀይ ጨርቅ ከፎቶው ለይታዋለች፤ የአባቷ መቀስ ነው። ለመመለስ አይቸኩሉ፤ ኦቦ ገመዳ ከእንግዲህ አይፈልጉትም።