ቀዩን ጽጌረዳ መረጥኩ፣ እታለም

ውድ እታለም፣

ዛሬ አበባ ቤት ሄጄ ነበር፤ ያለ አንቺ። እጮኛዬ «ሠርጉን እናራዝመው፣ ሰው ይረዳናል» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሆስፒታል ተኝተሽ «ቀኑ እንዳይነካ» ብለሽ አስምለሽኛል፤ ቃልሽን አፍርሼ የት እገባለሁ?

ባለሱቋ እትዬ ገና ከበሩ ሲያዩኝ ሳቁ። «ያቺ ጨዋታ አዋቂ እህትሽስ? ዛሬ ማን ሊያስቀኝ ነው?» አሉኝ። ሞታለች ማለት አቃተኝ።

«ሥራ በዝቶባት ነው» አልኳቸው።

የሠሯቸውን አበባዎች ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ለአዳራሹም ነጭ፣ ለእቅፍ አበባውም ነጭ፣ ለመኪናውም ነጭ አልኩ። እትዬ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ይህን ነግራኝ ነበር። ‹ብቻዋን ከመጣች ሰው ምን ይለኛል ብላ ሁሉንም ነጭ ታደርገዋለች። ልቧ ግን ቀዩ ላይ ነው፤ እሺ እንዳይሏት› ብላኛለች።»

«መቼ?»

«ያን አብራችሁ የመጣችሁ ዕለት፣ አንቺ ስልክ ልታወሪ ስትወጪ። ሽታው እየከበዳት ነው መሰለኝ፣ በሩ አጠገብ ቁጭ አለች። መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ሽታ አልቻልኩም አለችኝ።»

«የምን መድኃኒት?»

ቀና ብለው አይተውኝ ቀስ ብለው «አልነገረችሽም እንዴ?» አሉኝ።

እታለም፣ ተናድጄብሻለሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ አዝለሽ ያሳደግሽኝ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ከእኔ ብሰሽ የምትታመሚው አንቺ፣ በሽታሽን ለአበባ ሻጭ ነግረሽ ከእኔ ደበቅሽ። ቬሎ ስለካ «ይህ ክንዱ ጠበበ፣ ያኛው ያምራል» እያልሽ ከወንበርሽ ሳትነሺ ዋልሽ። አልጋ ከያዝሽ በኋላ እንኳ «ደም ማነስ ነው፣ ይለቀኛል» ነበር ያልሽኝ። አብሬሽ እንድታመም ለምን ከለከልሽኝ?

«ሞታለች» አልኳቸው። በራሴ አፍ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ተነስተው የሱቁን በር ዘጉ። እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ሰው ጭንቁን ለባዳ የሚያወራው፣ ባዳ አያለቅስም ብሎ ነው» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አበባ ባልዲዎቹ አዞሩ። «እኔ ግን አልቻልኩበትም» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ስንረጋጋ ቀዩን ጽጌረዳ መረጥኩ። እትዬ አንድ ጽጌረዳ አንስተው እሾሁን እየላጡ ጠየቁኝ።

«ቀለበት ስታስሪ እቅፉን ማን ይቀበልሻል?»

«እሷ ነበረች።»

«ሌላስ?»

አብሮ አደጎቼ አሉ፤ ሚዜዎቼም አሉ። የአንዳቸውም ስም ከአፌ አልወጣ አለ። ማንም የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲያው ለማንም ሳትሰጪ ራስሽ እንድትይዢው ቀለል አድርጌ እሠራልሻለሁ፤ በአንድ እጅ የሚያዝ» አሉኝ።

የተቆጣሁሽም የምወድሽም፣
ታናሽሽ