የወረቀት ላባ ስለማታስረው የልጅ ልጄ

ለክብርት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ማርጀሪ ፕሪስኮት፤

የኖቬምበር ነፋስ ደሴታችንን እየገረፈ ባለበት በዚህ ሰሞን ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ ከምድር መጥፋቱ በትምህርት ቤትዎ ለተነገረለት ሰው፣ እጅግ ደህና ነኝ።

የልጅ ልጄ ዴሊያ ለምስጋና ቀን ተውኔት የወረቀት ላባ በራሷ ላይ እንድታስር ታዛ «አላስርም» በማለቷ ወደ ቢሮዎ መላኳን፣ እርስዎም በክፍሉ ፊት ይቅርታ ካልጠየቀች ከተውኔቱም ከግብዣውም ተለይታ በመተላለፊያው እንድትቀመጥ መወሰንዎን ሰምቻለሁ። ስለ ውሳኔዎ ግልጽነት አመሰግናለሁ፤ በዚያው ግልጽነት እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ላባው። እስከ ጀርባ የሚወርደው የላባ አክሊል ከእኛ እጅግ ርቀው በሰፊው ሜዳ የሚኖሩ ወገኖች የክብር ምልክት ነው። የእኛ የአገሩ ነባር ሕዝብ የዋምፓኖአጎች አባቶች ከባሕር ማዶ በመርከብ መጥተው ከተራቡት ስደተኞች ጋር በበሉበት፣ ተውኔታችሁ በሚያሳየው በዚያ የጥንት መከር እንዲህ ያለ አክሊል ደፍተው ቢመጡ ኖሮ፣ ከእንግዶቹ ይልቅ የሚደነግጡት የገዛ ሚስቶቻቸው በሆኑ ነበር። ለአባቶቼ አዲስ ልብስ ስለሰፋችሁላቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ ስለ መጥፋታችን። መምህርቷ ወይዘሪት ሃርሎው «የኔ ቆንጆ፣ ዋምፓኖአጎች እኮ የድሮ ሰዎች ናቸው፤ አሁን የሉም» ሲሏት፣ ዴሊያ «ታዲያ ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን የጎነጎነችልኝ ማናት?» ብላ ጠየቀች። ድፍረት የተባለው ይህ ጥያቄ ነው። ፀጉሯን የጎነጎነችው እኅቴ ቴልማ ወሬውን ስትሰማ ሻይዋን አስቀምጣ፣ «አየህ ሊዮናርድ፣ ሞተናል አሉ፤ ለቀብራችን እንኳ ሳንጠራ» አለችኝ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ይፈተናል። በኦክቶበር ሁለተኛው ማክሰኞ ከአሸዋው ኮረብታ ጀርባ ወዳለው ረግረግ ወርደን ክራንቤሪ የተባለውን ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ እንለቅማለን፤ አስቀድመን እናመሰግናለን፣ ከዚያ እንበላለን። በልጅነቴ በዚያ ቀን የትምህርት ቤቱ ደወል አይደወልም ነበር። መምህራችን ወይዘሮ አልማይራ ራሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ባልዲ አንጠልጥለው፣ ከበሬ ጋሪው ኋላ እየዘፈኑ ይከተሉን ነበር። ዘንድሮ ዴሊያ ያን ቀን ከእኔ ጋር በመዋሏ «ያለ በቂ ምክንያት ቀሪ» ተብላለች። ትምህርት ቤትዎ ምስጋናን ለማስተማር ያለውን ትጋት ከማድነቅ በቀር ምን እላለሁ? ልጅቱን ስታመሰግን ቀጥቶ፣ ማመስገንን በመቀስና በሙጫ ያስተምራታል።

እንግዲህ ዴሊያ ይቅርታ አትጠይቅም። ላባውንም አታስርም። ተውኔቱ በሚታይበት ረቡዕ በመተላለፊያው ሲያስቀምጧት፣ እባክዎ ሁለት ወንበሮች ይጨምሩ፤ እኔና ቴልማ የለቀምነውን ክራንቤሪ በሳህን ይዘን ከጎኗ እንቀመጣለን። ከወረቀት ከተሠራው የቱርክ ዶሮ ማዕድ ተነሥተው ርቧቸው የሚወጡ ልጆች ካሉ ወደ እኛ ጎራ ይበሉ፤ የተራበ እንግዳ መቀበል የቆየ ልማዳችን መሆኑን የራስዎ ተውኔት ይመሰክራል።

ከጠፋሁበት ሆኜ፣ ጽኑ አክብሮቴን ሳልቆጥብ፣
ሊዮናርድ ኮምብስ
የደሴቱ ጋዜጣ የቀድሞ አዘጋጅ፣ የዴሊያ አያት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቀሪነት ምልክቷን እንዳይሰርዙት እለምናለሁ። በመጪው ኦክቶበር ሁለተኛ ማክሰኞም ትቀራለች፤ የክፍል ጓደኞቿንም በሙሉ ጋብዛለች። ባልዲ እኛ አለን።