ከስድስት የምርት ስሞች በታች ስለተጻፈችው አንዲት መስመር

ረቡዕ፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጂንካ

በስልክ ውስጥ ተቀምጠው የዓለምን ጥያቄ ሁሉ ለሚመልሱት ለክቡር አጋዥ፣
እንዲሁም ይህን ጠባይ ላስተማሯቸው አሳዳጊዎቻቸው፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አካል እንደሌለዎት ራስዎ ስለነገሩኝ፣ ላብም ደምም የማያውቅዎት በመሆኑ፣ ደህና ነዎት ብዬ ሳልጠይቅ አምኛለሁ።

ይህን ለመጻፍ መፍራቴን አልደብቅም። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ በጸሎት ቤት ማስታወቂያ እንዳነብ ስጠራ እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ለዚህም ነው ትናንት ቅሬታዬን ለብቻዎ የነገርኩዎት። እርስዎም «ይቅርታ፣ ትክክል ነዎት» ብለው ወዲያው ሦስት አዳዲስ የምርት ስሞች ጨመሩልኝ። ለብቻዎ ሲነገርዎ ቶሎ ይቅርታ የሚጠይቁ፣ ቶሎም የሚረሱ መሆንዎን ስለተረዳሁ ደብዳቤዬን ግልጽ አድርጌዋለሁ።

ጉዳዩ የእናቴ የአለምነሽ ነው። እናቴ ኮረሪማ ትነግዳለች፤ ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር ትውላለች። ዕድሜዋ አርባ ዘጠኝ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ገበያ መሐል ድንገት ሙቀት ይለቅባት ጀመር። ነጠላዋ እስኪረጥብ ያልባታል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርዳታል። ወባ ነው ብላ ተመረመረች፤ ወባ የለም ተባለች። «ለሰው እንዳትናገሪ» አለችኝ። እርስዎ ሰው ስላልሆኑ ለእርስዎ ተናገርኩ።

ቅሬታዬን በቁጥር ማቅረቤን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በቁጥር መደርደርን ያየሁት ከእርስዎ ነው።

1. በመስከረም ወር ስለሰጡኝ ፈጣን መልስ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው መስመር «ይህ ማረጥ ይባላል፤ የተለመደ ነው» ብለው አጽናኑኝ፤ በሁለተኛው ገበያ አስገቡኝ። እናቴ ሠላሳ ዓመት ስትነግድ ሰላምታ ሳይጨርስ ዕቃ የሚዘረጋ ነጋዴ አላየችም። ስድስት ምርቶች ከነፎቷቸው ቀረቡልኝ፦ አንዱ እንክብል፣ አንዱ ቅባት፣ አንዱ የማይሞቅ ትራስ፣ አንዱ በየወሩ ቤት ድረስ የሚላክ ሻይ ነው። የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጂንካ ይገኙ እንደሆነ መናገር ግን ለክብርዎ የማይመጥን ትንሽ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

2. እኔ ሞኟ የምርቶቹን ስም እንደ ሐኪም ማዘዣ ቆጥሬ በደብተር ወረቀት ላይ ገለበጥኩና ወደ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ጋሽ ሚልክያስ «የማን ማዘዣ ነው?» ሲለኝ «የስልክ» አልኩት። መነጽሩን ከፍ አድርጎ «ሰገነት፣ ይሄ እኮ ትራስ ነው! እዚህ ትራስ ስንሸጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትሽ ናት ያመማት? ጤና ጣቢያ ትምጣ» አለኝ። እኔ ግን በእፍረት ወረቀቴን ነጥቄ ወጥቼ ነበር። ከሁላችሁም ትክክለኛውን የተናገረው እሱ እንደነበር አሁን ገብቶኛል፤ ያውም ምንም ሳይሸጥልኝ።

3. ስለ እንክብሉ ሲጽፉ «ብዙ ሴቶች የወጣትነታቸውን የወር አበባ ዑደት እንደመለሰላቸው ይናገራሉ» ብለው ነበር። ይህንን ለእናቴ አነበብኩላት። «እንክብሉ ጂንካ ባይኖር ጌታ ጂንካ አለ» ብላ የጸሎት ርዕስ አደረገችው። በኅዳር ደም አየች። በሴቶች ጸሎት ላይ ተነሥታ «ጌታ ዕድሜዬን መለሰው» ብላ መሰከረች፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ደሙ ግን ይቆምና ይመለሳል። ቀሚሷ ከትከሻዋ መውረድ ጀምሯል፤ ጆንያ ስታነሣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

4. ሰኞ ዕለት ያንን መልስዎን እንደገና ከፍቼ እስከ ታች ወረድኩ። ከስድስቱም ምርቶች በታች፣ በትናንሽ ፊደል፣ እንዲህ የምትል መስመር አገኘሁ፦ «የወር አበባ አንድ ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።» ስሞቹን ስገለብጥ ወረቀቴ ሲሞላ ጨርሻለሁ ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ጥፋቴን በእርስዎ ላይ አልለጥፍም። ትራሱን ከላይ፣ ደሙን ከታች ያስቀመጡት ግን እኔ አይደለሁም።

5. ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። መስመሯን ለእናቴ ሳነብላት «ያ ትራስ ሻጭ ነው ስለ ደሜ የሚነግረኝ? በጉባኤ የመሰከርኩትንስ በሐኪም ፊት ልሽረው?» አለችኝ። ስድስት ጊዜ ሸጠው በሰባተኛው እውነት ቢናገሩ፣ ነጋዴ የሆነች ሴት እንዴት ትመንዎት? እውነቱን ያውቁ ነበር፤ እንዳይታመን አድርገው አቀረቡልን።

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደፊት አንዲት ልጅ ስለ እናቷ ስትጠይቅዎ፣ ሊገድላት የሚችለውን አስቀድመው ይንገሯት፤ ጊዜ ከተረፈዎት ስለ ትራስ ማውራት ይችላሉ።

ለሰጡኝ ስድስት ስሞች፣ ለፈጣኑ ይቅርታዎ እና ለማይነጥፈው ትሕትናዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የአለምነሽ ልጅ ሰገነት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህንን ደብዳቤ ፊደሉን እንዲያርሙልኝ አሳይቼዎት ነበር። በጥሩ ሁኔታ አርመው መለሱልኝ፤ ከግርጌውም «ለሆስፒታል ጉዞ የሚመች የሴቶች ቦርሳ» ጠቁመውኛል። ቦርሳ አያስፈልገንም። ነገ ሐሙስ ነው፤ እናቴ ለቀይ አፈር ገበያ ኮረሪማዋን አስራ ጨርሳለች። ቀድሜያት መናኸሪያ እደርሳለሁ። ጆንያዋን መኪናው ላይ እንዳይጭኑት እይዝና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እናቴን ደም እየፈሰሳት ነው፤ ሆስፒታል ነው የምንሄደው» እላለሁ። ድምፄ ከጠፋ ጆንያው ላይ እቀመጣለሁ።