ከድንበር ጎዳና ወዲህና ወዲያ፦ የወይዘሮ ሂልትሩድ ፒዮንተክ የሕይወት ታሪክ (1938–2024)

ወይዘሮ ሂልትሩድ ፒዮንተክ ከአባታቸው ከአቶ በርንሃርድ ክሌምት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጋተ ሮይተር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 14 ቀን 1938 በሩር ሸለቆ፣ በኤልመንሆርስት ከተማ፣ በድንበር ጎዳና በሚገኘው የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ።

ጎዳናው ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ከመንገዱ ወዲህ ያለው የቤት ረድፍ ኤልመንሆርስት፣ ከወዲያ ያለው ደግሞ ሽዋርትስፌልድ የተባለ ሌላ ከተማ ነበር። በአያቶቻቸው ዘመን በሁለቱ መካከል የድንችና የአጃ እርሻ እንደ ነበረ ይነገራል። ከሰሉ ሰው ጠራ፣ ሰው ቤት ሠራ፣ ቤት ከቤት ተያያዘ፤ በመጨረሻ በከተሞቹ መካከል የቀረው የአንድ መንገድ ስፋት ብቻ ሆነ። ሂልትሩድ ግን ያንን ስፋት እንደ ባሕር ያዩት ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ የሽዋርትስፌልድ ትምህርት ቤት ከደጃቸው ፊት ለፊት ቢሆንም፣ እርሳቸው የኤልመንሆርስት ልጅ ናቸውና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ በእግራቸው እየተመላለሱ ስምንት ዓመት ተምረዋል። ከፊት ለፊት ቤት የሚኖሩት እኩያቸው አቶ ኤገን ቡልማን ግን ደወል ሲደወል ከቤት ተነሥተው፣ ዳቧቸውን እያላመጡ በሰዓቱ ይደርሱ ነበር። ዝናብ በጣለ ማለዳ ሁሉም ሂልትሩድ በስብሰው ሲያልፉ ለማየት በመስኮት ብቅ ይሉና ምላሳቸውን ያወጡባቸው ነበር።

በ1956 በኤልመንሆርስት የከተማ ባቡር በትኬት ቆራጭነት ተቀጠሩ። ያኔ የእኛ ባቡር ድንበር ጎዳና ላይ ሲደርስ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ፣ መንገዱን በእግሩ ተሻግሮ፣ የሽዋርትስፌልዱን ባቡር በሌላ ትኬት ይሳፈራል። ሰው ሲያማርር ሂልትሩድ ኮፍያቸውን አስተካክለው «ኤልመንሆርስት እዚህ ያበቃል፤ የቀረውን እነሱ ይጨነቁበት» ይሉ ነበር። ኋላ ሐዲዶቹ ተገጥመው አንዱ ባቡር ሳያቋርጥ ያለፈ ዕለት፣ ከሠራተኞቹ መካከል ያላጨበጨቡት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

በ1961 ማዕድን ሠራተኛውንና እርግብ አርቢውን አቶ አልፎንስ ፒዮንተክን አግብተው ዑልሪከንና ዴትሌፍን ወልደዋል። አልፎንስ ሳቂታ ሰው ነበሩ፤ እርግቦቻቸው የሚያርፉት በሁለቱም ከተማ ጣራ ላይ ነበርና ስለ ድንበሩ ብዙም አይጨነቁም።

በ1975 ሁለቱ ከተሞች በሕግ አንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህማ ሌሎቹም ጎረቤት ከተሞች እየተጋጠሙ፣ የቱ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ የማይለይ አንድ ግዙፍ ከተማ ሆንን። ሂልትሩድ ውሕደቱን ለመቃወም ቤት ለቤት ዞረው ፊርማ አሰባስበው ነበር፤ ሳይሳካ ሲቀርም ለደብዳቤዎቻቸው አድራሻ «ኤልመንሆርስት» ብለው ከመጻፍ የመለሳቸው አልነበረም። ወይ ግትርነት! አንዴ እምቢ ካሉ እምቢ ነው።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የቅርብ ጎረቤት በየደጁ ዞሮ መርዶ ይነግራል፤ አስከሬኑንም የሚሸከሙት ስድስት ጎረቤቶች ናቸው። ተሸካሚ የቀጠረ ቤት «ጎረቤት የሌለው» ይባላል፤ ከዚህ የባሰ ስድብ የለንም። ይህ ግዴታ ግን ከጥንት ጀምሮ የከተማን ድንበር አይሻገርም ነበር።

በ1991 አልፎንስ ሲያርፉ ማዕድኑ ተዘግቶ ወጣቱ ተበትኖ ስለ ነበር፣ ከመንገዱ ወዲህ ለመሸከም የሚችሉ አራት ወንዶች ብቻ ተገኙ። አቶ ኤገን ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ልጃቸውን ዮኸንን አስከትለው መንገዱን ተሻገሩ። «ሂልትሩድ፣ ሁለት ሰው ጎድሎሻል፤ መጥተናል» አሏቸው።

«የራሳችሁን ሙት ተሸከሙ፤ የኤልመንሆርስትን ሰው ሽዋርትስፌልድ አይሸከምም።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ሽዋርትስፌልድ የሚባል ከተማ ከጠፋ እኮ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው!»

በሩን ዘጉባቸው። አልፎንስም ፊታቸውን እንኳ በማያውቁ የቅጥር ሰዎች ትከሻ ተሸኙ። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት የሚኖሩት ሁለቱ ሰዎች ለረጅም ዓመታት «እንደምን አደርሽ፣ እንደምን አደርክ» አልተባባሉም።

ዓመታት ሲያልፉ ከሰፈሩ ጀርባ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ሰፋ፤ ከመንገዱ ወዲህ ያለው ረድፍ እየፈረሰ በምትኩ መጋዘን ተሠራ። ግራና ቀኝ ሰው የሌለበት አንድ ቤት ቀረ፤ የሂልትሩድ ቤት። ልጃቸው ዑልሪከ ወደምትኖርበት ወደ ኮሎኝ ልትወስዳቸው ብትለምናቸውም አልተንቀሳቀሱም። ሞትን አልፈሩም፤ የፈሩት አልፎንስ ላይ ያደረሱት በእርሳቸውም እንዳይደርስ ነበር። «ማን ይሸከመኛል?» እያሉ ሲያለቅሱ ይህን የምናነብላችሁ እኛ የእህታቸው ልጆች በጆሯችን ሰምተናል።

በ2023 የልብ ሕመም ጠናባቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ጠርሙስ የአጃ አረቄ የሚደገፉበት ጋሪ ላይ አስቀምጠው መንገዱን ተሻገሩ። በእኛ ዘንድ አዲስ ጎረቤት የሚሆን ሰው ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል፤ በደጃፉ ላይ አብረው ይጠጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ በሞትም በሕይወትም አይለያዩም። አቶ ኤገን በሩን ከፈቱ።

«ምን ልትሸጪልኝ መጣሽ?»

«ጎረቤት ልሁን ብዬ ነው።»

«ሰማንያ አምስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ?»

«በአልፎንስ ቀን በድዬሃለሁ፣ ኤገን። እሱንም በድያለሁ። አሁን ደግሞ የሚሸከመኝ የለም።»

አቶ ኤገን ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያም ሁለት መለኪያ ይዘው ወጡ። «ጉልበቴስ ከድቶኛል፤ ግን ልጅ አለኝ፣ የልጅ ልጆችም አሉኝ። አፌ ደግሞ ገና ደህና ነው፤ መርዶሽን እኔ እነግርልሻለሁ» አሏቸው።

«ብቻ እንዳትቸኩል!» አሉ ሂልትሩድ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ፤ ጠጡም።

ወይዘሮ ሂልትሩድ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኦክቶበር 21 ቀን 2024 በተወለዱ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። አቶ ኤገን በዚያው ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው ከድንበር ጎዳና አልፈው በየደጁ አንኳኩ። «የየት ሰፈሯ ሂልትሩድ?» ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ «የኛዋ» ሲሉ መለሱ።

ከልጆቻቸው ከዑልሪከና ከዴትሌፍ ሦስት የልጅ ልጆች አይተዋል። ለቤተሰቦቻቸው፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአልፎንስ ጎን ያሳርፍልን፤ እዚያም የሚያንኳኩበት ደጅ፣ የሚከፍትላቸውም ሰው አይጡ።

ዛሬ የሚሸከሟቸው ስድስቱም ሰዎች ከመንገዱ ወዲያ ናቸው። ጎረቤቶች፣ እንግዲህ ተነሡ።